በሙሉ ድምፅ አንደኛ ደረጃ

ነገሌ ቦረና፣ 1978 ዓ.ም.

ጥር 7፣ ረቡዕ

አቧራ፣ አቧራ፣ አቧራ። ከቢሮ ስመለስ ጸጉሬ ቀይ ሆኖ ነበር። አከራዬ እትዬ ወርቅውሃ «ሂና ተቀባሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ባላቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጦር ሰፈር ስለሚያድሩ እትዬ የሚቀልዱበት ሰው የላቸውም። እኔ አለሁላቸው።

ቀኑን ሙሉ የአፈር ናሙና ስለይ ዋልኩ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። በውሃ ማርጠብ፣ በጣት ማሸት፣ እንደ ትል ማድቦልቦል፣ ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም... ያየኝ ሰው በጭቃ የምትጫወት ሕፃን ይለኛል። ለዚህ ነው እንግዲህ ኮሌጅ የገባሁት!

ይህን ደብተር የማኖረው ከናሙና ከረጢቶቹ ሥር ነው። አፈር የሚሰርቅ የለም። አፈር የሚፈትሽም የለም፣ ከኔ በቀር።

የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ለገሰ አዲስ ሥራ ሰጡኝ። ከሹፌሩ ከኦቦ ዲባ ጋር ሐሮ ቡላ ሜዳ ሄጄ ወሰን ልከልል ነው። ከወሎ ለመጡት ሰፋሪዎች የሚሰጠው መሬት ነው። አምና ራሳቸው ጋሽ ለገሰ ቆፍረው፣ መርምረው «አንደኛ ደረጃ» ብለውታል። «አንቺ ችካል መትከል ብቻ ነው» አሉኝ። ቀላል ሥራ። ከዚህ ቢሮ ወጥቶ ንፋስ መቀበል ማን ይጠላል?

ጥር 12፣ ሰኞ

ምን አባቴ ላድርግ።

ችካሉ አልገባ አለ። ኦቦ ዲባ በመዶሻ ቢሉት ነጠረ። ቦታ ቀየርን። እዚያም ነጠረ። አካፋ አውጥቼ ቆፈርኩ። ክንድ በማይሞላ ጥልቀት እንደ ኖራ የነጣ፣ የጠና ድንጋይ። አሲድ ጠብ ሳደርግበት ተንጨረጨረ፣ አረፋ ደፈቀ፤ ኖራ አለበት ማለት ነው። ራቅ ብዬ ሌላ ቆፈርኩ። ያው። ሌላ... ያው። ከዚህ በታች ሥር አይወርድም። ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል፣ ፀሐይ ሲመጣ ጨው ያወጣል።

ታዲያ አምና አንደኛ ደረጃ የተባለው የቱ ነው? ጋሽ ለገሰ የቆፈሩባቸውን ቦታዎች ፈለግሁ። ሦስት ናቸው። ሦስቱንም አገኘኋቸው። ጥቁር፣ ፈርፋራ፣ እንደ ዳቦ የሚቆረስ አፈር! በደስታ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ አሸተትኩት። ፍግ። ከጥቁሩ ሥር የተረገጠ የእበት ንጣፍ። ከንጣፉ ሥር ያው ነጭ ድንጋይ።

ሞና ነው። ቦረናዎች ሰፈር ለቀው ሲሄዱ ትተውት የሚሄዱት የከብት በረት። ከብት ዓመት ከዓመት ያደረበት። የእሾህ አጥሩ በስብሶ ጠፍቷል፣ አረሙ ብቻ ለምልሟል። ጋሽ ለገሰ ይህን ሁሉ ሜዳ ትተው የቆፈሩት ሦስት አሮጌ በረት ውስጥ ነው!

እንዴት እንደሆነማ ገብቶኛል። እኛ መስክ ስንወጣ የምንቆፍረው መኪና የሚደርስበት፣ ግራር ያለበት፣ ምሳ የሚበላበት ቦታ ነው። ከብት አርቢውም በረቱን የሚሠራው ጥላና መንገድ አይቶ ነው። ኦቦ ዲባን ጠየቅኳቸው።

«ኤዬ፣ ሞና ዱሪ ነው። የድሮ በረት።»

«ታዲያ አምና ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ጎማ ነበር የምቀይረው።»

ሜዳው ሦስተኛ ደረጃ ነው። ለግጦሽ እንጂ ለእርሻ አይሆንም። ለሦስት መቶ አባወራ ሊሰጥ ነው። ጌታ ሆይ!

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ለጋሽ ለገሰ ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳልናገር መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ በሩን። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፈቱት።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ዲባስ?»

«እሳቸውማ አብረውኝ ነበሩ...»

«ወይኔ!» ግንባራቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ውሳኔው አዲስ አበባ ደርሷል። ሰዎቹ እዚህ ደርሰዋል። አሁን ተነሥቼ ምን ልበል? አፈሩ ተሳሳተ ልበል?»

«አፈሩ እንኳን አልተሳሳተም፣ ጋሼ...»

«ዝም በይ!»

ጮኸውብኝ አያውቁም። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸው ወረደ። «የኢኮኖሚ አሻጥር ይሉታል። ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ። አምስት ልጅ አለኝ።»

አውቃለሁ። እንዴት አላውቅም? አባቴ ወንጌላዊ ናቸው። ሐገረ ማርያም ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ እሳቸውም ታሸጉ፤ ኋላ ነው የተፈቱት። የታሳሪ ልጅ፣ ያውም የጴንጤ ልጅ፣ ማን ይቀጥራል? ጋሽ ለገሰ ቀጠሩኝ። «አፈር ሃይማኖት አይጠይቅም» ብለው ስቀው። እኚህን ሰው ነው የማሳስረው?

ብናገር እሳቸውን። ዝም ብል ሦስት መቶ አባወራ። እኔስ? እኔ ከሁለቱም አልተርፍም። ፈራሁ። እውነቱን ልጻፈው፣ ከሁሉ በላይ የፈራሁት ለራሴ ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሰፋሪዎቹ ድንኳን ተተክሎላቸው ከመንገዱ ዳር ነው ያሉት። በዚያ በኩል ላለማለፍ እዞር ነበር። ዛሬ ግን ውሃ ስቀዳ አንዷ ጀሪካኗን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ሸዋርካብሽ ትባላለች። ዕድሜዋ ከኔ አይበልጥም፣ ፊቷ ግን ገርጅፏል።

«የመሬቱ ሰው አንቺ ነሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እ... አዎ።»

«አፈሩ እንዴት ያለ ነው? ጤፍ ያበቅላል? ማሽላስ?»

«ዝናቡ ከመጣ...» ብዬ ዋጥኩት።

«ሁለት ልጅ ቀርቶኛል። አንዱን መንገድ ላይ ቀበርኩት፣ ቦታውን እንኳ አላውቀው። እዚህስ አንቀብርም አይደል፣ እቴዋ?»

ጀሪካኔ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ጮሁብኝ። «እሺ፣ ደህና ዋይ» ብያት ሄድኩ። ምን ዓይነት መልስ ነው እሺ?

ጥር 21፣ ረቡዕ



ስብሰባ ተጠራ። የአውራጃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ጉግሳ ራሱ መጣ። ሁሌም ፈገግ ይላል፤ ሲቆጣም ፈገግ ብሎ ነው። «ስለ ሐሮ ቡላ አንዳንድ የጓዳ ወሬ ይሰማል» አለ። ማን ነገረው? ኦቦ ዲባ? ጋሽ ለገሰ? ወይስ እኔ ራሴ በእንቅልፌ አወራሁ?

«ስለዚህ አጀንዳውን ባጭሩ እንዝጋው። የሐሮ ቡላ አፈር አንደኛ ደረጃ ነው የምትሉ?»

እጆች ወጡ። ጋሽ ለገሰ አወጡ። ታይፒስቷ አወጣች። ሻይ ሊያድል የገባው ዘበኛ ትሪውን ባንድ እጁ ይዞ በሌላው አወጣ። ጓድ ጉግሳ ወደ እኔ ዞረ፤ ፈገግ አለ።

አወጣሁ።

«ተቃውሞ? ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። የሐሮ ቡላ አፈር በሙሉ ድምፅ አንደኛ ደረጃ ሆኗል።»

ተጨበጨበ። አምላኬ! ቁመቱ ክንድ የማይሞላ አፈር በጭብጨባ ሲጠልቅ አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ሮጬ ወደ ሽንት ቤት ነው የሄድኩት።

ጥር 22፣ ሐሙስ

እትዬ ወርቅውሃ «ምን ሆነሽ ነው እህል የማይወርድልሽ?» አሉ። ጨጓራ ነው አልኩ። ጡጫ የሚያህል ሥጋ ቀቅለው አመጡልኝ። አልበላሁትም።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ጓድ ጉግሳ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ከናሙና ከረጢቶቹ አንዱን አንሥቶ በእጁ መዘነ። ደብተሬ ሁለት ከረጢት ዝቅ ብሎ ነበር...

«በሚመጣው ወር አጋማሽ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይመጣል። ቦታውን ያያል፣ ያደንቃል፣ ይመለሳል። ከዚያ በካርታው ላይ ለገሰና አንቺ ትፈርማላችሁ።»

«እሺ፣ ጓድ።»

«አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«አሁንም ይዘምራሉ?»

ምን ይባላል? አይዘምሩም ብል ውሸት፣ ይዘምራሉ ብል ማስበላት። «አርጅተዋል» አልኩ። ሳቀ። ከረጢቱን ወደ ቦታው መለሰው። ሲወጣ ደብተሬን ከከረጢቶቹ ሥር አውጥቼ ወደ ቤት ወሰድኩት።

የካቲት 2፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ጂፕ ደጃችን ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። አለቀልኝ አልኩ። ደብተሩን አምጥቼው ነበርና ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት፣ ጫማ አደረግሁ፣ ሹራብ ደረብኩ። እስር ቤት ይበርዳል ይላሉ። በሩ ተንኳኳ። «ቶሎ በይ፣ ክፈቺ!»

ሃምሳ አለቃ ናቸው። ፍየል በጂፕ ጭነው መጥተው ኖሯል። ፍየሏ ግቢውን ዞረች፣ እትዬ እልል አሉ፣ እኔ ሹራቤን እንደለበስኩ በጠራራ ፀሐይ ቆሜያለሁ። «ወባ ይዞሻል መሰለኝ» አሉኝ። ወባማ ቢሆን በምን ዕድሌ።

እንዲህ ከሆንኩ እኔን ማሰር እንኳ አያስፈልጋቸውም። እኔው ራሴን አስሬያለሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የሐሙስ የውይይት ክበብ። ሁሌ አንቀላፋበታለሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ሰማሁ፤ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ለአንድ መኪና በሙሉ ድምፅ ነዳጅ ፈቅዶ ነበር። መኪናው ለካ ሞተር የለውም። የመጋዘን ሠራተኛዋ የሺ ዛሬ ተነሥታ «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ። ሞተር እንደሌለው ሳላሳውቅ ኮሚቴውን አሳስቻለሁ» አለች። ጓድ ጉግሳ ፊቱ በራ። «ኮሚቴው በቀረበለት መረጃ በትክክል ወስኗል። መረጃው ስለተስተካከለ ውሳኔው ተነሥቷል።» ጭብጨባ! የሺ ደመወዟን ተቀጣች። ነዳጁ ተመለሰ። ማንም አልተሳሳተም፣ ከየሺ በቀር።

ስንወጣ የሺን ጠየቅኳት። «እኔማ ነግሬያቸው ነበር፣ አልሰሙኝም። ምን ላድርግ? ‹ተሳስታችኋል› ከምላቸው ‹ተሳስቻለሁ› ማለት ይቀላል» አለችኝ።

ጋሽ ለገሰ አጠገቤ ነበሩ። ሰምተዋል። ግለ ሂስ ያድርጉ ብዬ ልለምናቸው? ለነዳጅ ደመወዝ ይቀጣሉ። ለሦስት መቶ አባወራስ? አልለመንኳቸውም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ባለሙያው ገብቷል። አቶ ወልደሥላሴ ይባላል። ነገ ነው። መዝሙር ዘጠና አንድን ጀምሬ ሁለት ጊዜ መሐል ላይ ጠፋብኝ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ነገ የምጽፍበት ላይኖር ይችላል።

ጠዋት ኦቦ ዲባ «ያ ኢንታላ፣ አካም ቡልቴ?» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። «ናጋ» አልኩ፣ ሰላም የሚባል ነገር ሳይኖረኝ። «ሂንሶዳቲን» አሉ። አትፍሪ። ለሳቸው ቀላል ነው።

መኪናው እንደ ልማዱ ግራሩ ሥር ቆመ። በረቱ ላይ። ጓድ ጉግሳ፣ ጋሽ ለገሰ፣ ባለሙያውና ሁለት ታጣቂዎች። ጉድጓዱ ለእንግዳ ተጠርጎ ነበር። አቶ ወልደሥላሴ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን አፈር ዘገነ። አሸው። ከዚያ አፍንጫው ድረስ አመጣው። እንደገና አሸተተው።

«ይህን መሬት ማን ነው ያጠናው?»

ጋሽ ለገሰን አየኋቸው። ላብ ከጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ዓይናቸው ወደ ታጣቂዎቹ፣ ወደ ጓድ ጉግሳ፣ ወደ እኔ...

«እሷ ናት» አሉ። «ውድነሽ ናት ያጠናችው።»

ልጄ ይሉኝ የነበሩት ሰው! አምና ይህን ሜዳ በዓይኔ እንኳ አላየሁትም። ኦቦ ዲባ «ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠርተው ዞር አሉ። አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። አይደለሁም ብልስ? ጭቅጭቅ ይሆናል፣ ሁላችንም ወደ ከተማ እንመለሳለን፣ በሙሉ ድምፅ የጸደቀው እንደጸደቀ ይቀራል። የሺ ትዝ አለችኝ።

እኔ ያጠናሁት ከሆነ እኔ ማረም እችላለሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ። በጥንቃቄ ጉድለት የቆፈርኩት አሮጌ የከብት በረት ውስጥ ብቻ ነው። ኮሚቴው በቀረበለት መረጃ በትክክል ወስኗል። መረጃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

የጓድ ጉግሳ ፈገግታ ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈገግታ አየሁት። ምን ይበል? ኮሚቴው ትክክል ነው ብያለሁ፣ ይቃወመኝ?

«አሳዪን» አለ አቶ ወልደሥላሴ።

ከጥላው ወጥቼ ወደ ፀሐዩ ሄድኩ። ዶማው ከበደኝ፤ ኦቦ ዲባ ሳልለምናቸው ተቀበሉኝ። ብዙም አልቆፈሩም፣ ዶማው ጮኸ። ነጩ ድንጋይ። አሲዱን ጠብ አደረግሁ፣ ፍልቅልቅ አለ። ሌላ ቦታ። ያው። አቶ ወልደሥላሴ አመድማውን አፈር ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ተፋው። ከዚያ ጋሽ ለገሰን ረጅም ጊዜ አያቸው። ያወቀ ይመስለኛል። ግን አልተናገረም። እሱም የሚፈራው ይኖረዋል።

«ሦስተኛ ደረጃ። ለእርሻ አይሆንም» አለ።

ጓድ ጉግሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጓድ ውድነሽ ግለ ሂስ ተቀባይነት አለው። ስለ ቅጣቱ ነገ እንነጋገራለን።»

ስንመለስ ጋሽ ለገሰ አጠገቤ ነበሩ የተቀመጡት። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። የኔም ይንቀጠቀጣል። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ማንም አልነቃብንም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ተጠርቻለሁ። ሹራቤን ለብሻለሁ። እትዬ ወርቅውሃ ያለቅሳሉ። ደብተሩን ለኦቦ ዲባ ልሰጥ ነው።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ፣ ቦሬ

ደብተሩ ጎማ ጎማ ይሸታል። ኦቦ ዲባ ከወንበራቸው ሥር አኑረውት ኖሯል።

ትናንት ፈቱኝ። በመታሰሬ ላይ ደግሞ ከደረጃዬ ዝቅ ብያለሁ፤ ቦሬ ችግኝ ጣቢያ ተመድቤያለሁ። እስር ቤቱን አልጽፈውም። ቢያንስ ዛሬ አልጽፈውም። እትዬ ወርቅውሃ በጦር ሰፈር ሰው በኩል ምግብ ያስገቡልኝ ነበር። የጋሽ ለገሰ ሚስትም ይመላለሱ ነበር፤ ማን እንደላካቸው አልተናገሩም፣ አልጠየቅሁም። ጋሽ ለገሰን ግን አላየኋቸውም። ዛሬ ጠዋት ኦቦ ዲባ «እንኪ፣ ቦሬ ብርድ ነው» ብለው ካፖርት ሰጡኝ። የሳቸው ነው፣ የጋሽ ለገሰ። ልወረውረው አሰብኩ። ከዚያ ለበስኩት። ተቀይሜያቸዋለሁ። ያም ሆኖ ይሞቃል።

ነገሌ መናኸሪያ አውቶብሱን ስንጠብቅ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ነበር። ሰፋሪዎቹ ናቸው! ዝናቡ ሳያመልጣቸው ወደ ሌላ ቦታ እየተወሰዱ ነው። ቀይ አፈር ነው፣ ጥልቅ፣ ወንዝ ያለበት ይላሉ ኦቦ ዲባ። «ማን ቆፈረው?» አልኳቸው። «አቶ ወልደሥላሴ ራሱ። ፀሐይ ላይ ነው የቆፈረው፣ ጥላ ጋ አላቆምኩለትም» ብለው ሳቁ።

ሸዋርካብሽን ከአንዱ መኪና ላይ አየኋት። ሁለቱን ልጆቿን በጉልበቷ መሐል ይዛለች። ሳላስበው ወደ መኪናው ተጠጋሁ። እንዴት ነሽ ልላት። ለየችኝ። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንቺ! አንቺ አይደለሽም?» ሌሎቹን ጠራች። «ይቻት! ጨው መሬት ላይ ልታስፈጀን የነበረችው ይቺ ናት! ጓድ ጉግሳ ነግሮናል! አላየሁሽም? ‹ዝናቡ ከመጣ› እያልሽ ስታታልዪኝ? የልጆቼን ደም ከእጅሽ ይፈልገው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዷ ተፋችብኝ፣ ካፖርቱ ላይ አረፈ። ኦቦ ዲባ «ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ስሙ...» ብለው ሊናገሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ያጠናሁት እኔ እንዳልሆንኩ ከታወቀ ግለ ሂሴ ይፈርሳል፣ ጉግሳ የሻረው ውሳኔም ተመልሶ ይጸናል። መኪኖቹ ገና ሞተር እያሞቁ ነበር። እስኪሄዱ ብቻ...

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሸዋርካብሽ እስክትጠፋ ድረስ ትረግመኝ ነበር፣ እጇን ወደ ሰማይ አንሥታ። ልጆቿ ጸጉራቸው በንፋሱ ይበተናል። ትልቁ አብሮ ይጮኻል፣ ትንሹ ይስቃል።

አለቀስኩ። ከጥር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቋጠረው ፍርሃት የት እንደሄደ አላውቅም፤ ፈለግሁት፣ የለም። ትርገመኝ። ትኑርና ትርገመኝ።